ከቃታው በፊት ያሉት ደቂቃዎች

(በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተዘጋጀ የውይይት ምሽት የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ብቻ ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣችሁ ልጆቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ! አንዳንዶቻችሁ ከዚህ ወጥታችሁ ሌሊት ሥራ እንደምትገቡ አውቃለሁ። የእረፍት ሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ጉዳይ ከባድ ነው። ፖሊስ ተኩሶ ሰው ሲገድል፣ የሞተው ደግሞ ጥቁር ሲሆን፣ ይህች አገር ለሁለት ትከፈላለች። ቴሌቪዥኑ ለሁለት ይከፈላል። መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ቡና የምንጠጣበት ቤትም ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ፖሊሱ ዘረኛ ስለሆነ ነው» ይላል። ሌላው «ታዘዝ ሲሉት ለምን አልታዘዘም?» ይላል። ከዚያ ቪዲዮው አሥር ጊዜ ይታያል፤ እጁ ወዴት ሄደ፣ ፖሊሱ ምን አየ፣ ቃታው መቼ ተሳበ እየተባለ። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሱት። አንድ ሰከንድ አይበቃም፤ አምስት ደቂቃ መልሱት፤ አንዳንዴም ዓመታት መልሱት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለም? የዚህ ነገር ሥሩ ያለው ከተኩሱ በፊት ነው።

ስለ አራት ነገር እናገራለሁ፦ ስለ ሕጉ፣ መንገድ ላይ መኪና ስለማስቆም፣ ስለ ቁጥሩ ክርክር፣ በመጨረሻም እኛው ራሳችን ስለምንደውለው ስልክ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከሕጉ እንጀምር። በ1974 ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ኤድዋርድ ጋርነር የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ከአንድ ቤት ሰርቆ ሲወጣ ፖሊስ ደረሰበት። ፖሊሱ በባትሪ አብርቶ የልጁን ፊትና እጅ አየ፤ መሣሪያም አላየበትም። ልጁ አጥር ሊዘል ሲንጠለጠል ከኋላው ጭንቅላቱን መታው። እሱ ላይ የተገኘው 10 ዶላርና አንድ የሴት ቦርሳ ነው። የቴነሲ ግዛት ሕግ ያን ጊዜ ይህን ይፈቅድ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 ሻረው፤ ሰው ስለሸሸ ብቻ አይተኮስበትም፣ ለፖሊሱ ወይም ለሌላ ሰው አደገኛ ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሊኖር ይገባል አለ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ ዛሬ ድረስ የሚሠራበት ትልቁ ውሳኔ መጣ። የጉዳዩ ባለቤት ዴቶርን ግራም ይባላል፤ የስኳር በሽተኛ ነው። በ1984 ሻርለት ከተማ ውስጥ ስኳሩ ሲወርድበት፣ ጓደኛው በመኪና አደረሰውና ግራም የብርቱካን ጭማቂ ሊገዛ ወደ ሱቅ ሮጠ። ወረፋው ረጅም ስለነበር ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ሮጦ ገብቶ ሮጦ ሲወጣ ያየ ፖሊስ ጠረጠረና መኪናውን ተከትሎ አስቆመ። ጓደኛው «ስኳሩ ወርዶበት ነው» ቢል የሰማው የለም። ግራም በካቴና ታሰረ፣ እግሩ ተሰበረ፣ ትከሻው ተጎዳ። ሱቁ ውስጥ የጠፋ ነገር እንደሌለ ሲረጋገጥ ቤቱ ወስደው ለቀቁት።

ፍርድ ቤቱ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለውን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። የፖሊስ ኃይል የሚመዘነው በቦታው በነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ዓይን ነው። ወንጀሉ ምን ያህል ከባድ ነበር? ሰውየው ያን ጊዜ አደጋ ይጥል ነበር? ይታገል ወይም ይሸሽ ነበር? እነዚህ ይታያሉ። ፖሊሱ በልቡ የያዘው ግን አይመዘንም። ክፉ ልብ ይዞ ተገቢ ኃይል ቢጠቀም ሕግ አልጣሰም፤ ደግ ልብ ይዞ ያልተገባ ኃይል ቢጠቀም ደግሞ ጥሷል።

ይህ ምን ማለት ነው? እኛ ቤት የምንጨቃጨቅበት ጥያቄ፣ «ፖሊሱ ዘረኛ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው፣ የኃይል አጠቃቀሙ ሲመዘን ከነጭራሹ አይጠየቅም! ሕዝቡ ስለ ልብ ይከራከራል፤ ችሎቱ ስለ ሰከንድ ይከራከራል። ብይኑ ሲሰማ ግማሹ አገር «ፍትሕ ሞተ» ብሎ የሚወጣው፣ ግማሹም «ነጻ ወጣ፣ ዘረኛ አልነበረም» ብሎ የሚደሰተው ከዚህ የተነሳ ነው። ሁለቱም ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ አገኘ ብለው ነው የሚሄዱት።

ሌላው ችግር የሰዓቱ ነው። ቴክሳስን፣ ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን የሚያየው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለዓመታት ይመለከት የነበረው ፖሊሱ የፈራበትን ቅጽበት ብቻ ነበር። በ2016 ሂውስተን ከተማ አጠገብ አሽቲያን ባርንስ የሚባል ወጣት በኪራይ መኪና ሲሄድ፣ በታርጋው ላይ ያልተከፈለ የመንገድ ክፍያ አለ ተብሎ ቆመ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ፖሊሱ ዘሎ የበሩ ደፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። ከተንጠለጠለበት እስከ መጀመሪያው ጥይት ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች እነዚያን ሁለት ሰከንዶች ብቻ አይተው «በሚሄድ መኪና ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነበር» አሉ። በሜይ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ይህን አካሄድ ውድቅ አደረገ። ከዚያ በፊት የሆነውም ሁሉ፣ ለምን እንደቆመ ጭምር፣ መታየት አለበት አለ። ግን አንድ በር ሳይዘጋ ቀርቷል፦ አደጋውን ራሱ ፖሊሱ ከፈጠረው ምን ይባላል የሚለውን አልወሰነም። መጪዎቹ ዓመታት የሚከራከሩት በዚህች ጥያቄ ላይ ነው፤ ጋዜጣ የምታነቡ ተከታተሏት።

በእንዲህ ያለ ጉዳይ ለተጎጂው ወገን ካሳው የሚከፈለው በአብዛኛው ከፖሊሱ ኪስ ሳይሆን ከከተማው ካዝና መሆኑንም እወቁ። ቺካጎ በ2014 በ16 ጥይት ለተገደለው ለላኳን ማክዶናልድ ቤተሰብ 5 ሚሊዮን ዶላር ከፍላለች። ቪዲዮው ግን ሕዝብ ያየው ከግድያው 13 ወር በኋላ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። እስከዚያ ድረስ የተነገረው ልጁ ቢላዋ ይዞ ወደ ፖሊሶቹ እንደመጣ ነበር፤ ቪዲዮው ያሳየው ግን እየራቃቸው ሲሄድ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንሂድ፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ኑሯችሁ መሪ ጨብጦ ነው።

የዚህችን አገር ታላላቅ ቁጣዎች መነሻ ተመልከቱ። በ1965 የሎስ አንጀለሱ ዋትስ፣ 34 ሰው የሞተበት፣ የተጀመረው ፖሊስ አንድ መኪና ሲያስቆም ነው። በ1967 ኒውዋርክ፣ 26 ሰው የሞተበት፣ የተጀመረው አንድ ጥቁር የታክሲ ሾፌር ተይዞ ሲደበደብ ነው። በ1991 ፖሊሶች ሲደበድቡት በቪዲዮ የታየው ሮድኒ ኪንግ በመኪና ተባርሮ ነው የተያዘው። ፊላንዶ ካስቲል ፖሊስ የተኮሰበት መኪና ውስጥ። ዳንቴ ራይት መኪና ውስጥ። በ2023 ሜምፊስ ውስጥ ተደብድቦ የሞተው ታየሪ ኒኮልስም ከመኪናው ጎትተው አውርደውት ነው፤ የደበደቡት አምስት ፖሊሶችም ጥቁሮች ነበሩ። ይህችን የመጨረሻዋን ልብ በሉ። የፖሊሱ ቆዳ ቀለም ብቻውን ነገሩን አያስረዳም፤ ማን ይቆማል፣ በምን ሰበብ ይቆማል የሚለው ነው የሚያስረዳው።

በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለው እንዲህ ነው፦ ሾፌሩ ትንሿን የትራፊክ ሕግ ከጣሰ፣ ፖሊሱ ሌላ ነገር ጠርጥሮ ቢያስቆመውም ማስቆሙ ሕጋዊ ነው። አንድ ማይል ተከትሎት የሚሄድ ፖሊስ ምንም ጥፋት የማያገኝበት ሾፌር አለ? ፊላንዶ ካስቲል በሚኒሶታ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ኃላፊ ነበር። ከመሞቱ በፊት ባሉት 13 ዓመታት ቢያንስ 46 ጊዜ ቆሟል። በጁላይ 2016 ሲቆም የተነገረው የኋላ መብራቱ አይሠራም የሚል ነው። ፖሊሱ ግን አስቀድሞ በሬዲዮ፣ ሾፌሩ የዘረፋ ተጠርጣሪ ይመስላል ብሎ ተናግሮ ነበር። ሾፌሩ ይህን አያውቅም። እሱ የመብራት ነገር መስሎታል፤ ፖሊሱ ግን ዘራፊ እየጠበቀ ነው የቀረበው። ካስቲል ፈቃድ ያለው ሽጉጥ እንደያዘ በትሕትና ተናገረ። ፖሊሱ «አታውጣው» አለ፤ ካስቲልም እያወጣሁት አይደለም አለ። ሰባት ጥይት ተተኮሰ፤ የኋላው ወንበር ላይ የ4 ዓመት ሕፃን ነበረች። ጁሪው፣ ማለትም ለፍርዱ ከሕዝብ የተመረጡት ሰዎች፣ ፖሊሱን በነጻ አሰናበተው።

ዳንቴ ራይት በ2021 ሲቆም የመኪናው ቦሎ አልፎበት ነበር፤ ከስፖኪዮው ላይም ሽታ መቀየሪያ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ የእስር ማዘዣ እንዳለበት ታየ፤ ሊያስሩት ሲሉ ወደ መኪናው ተመለሰ። ፖሊሷ «ቴዘር» እያለች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘውን መሣሪያ እየጠራች፣ ሽጉጥ ተኮሰች። ሽጉጧ በቀኝ፣ ቴዘሩ በግራ ነበር። ተፈርዶባት ሁለት ዓመት እስራት ተወሰነባት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከስፖኪዮው ላይ መስቀል፣ መቁጠሪያ ወይም ባንዲራ ያላንጠለጠለ ስንት ሰው አለ? ቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ ከማርች 2021 ጀምሮ ፖሊስ በዚህ ምክንያት ብቻ፣ ወይም በጠቆረ መስታወት፣ ወይም በታርጋ መብራት ብቻ እንዳያስቆም ሕጉ ከልክሏል። ይህ ትንሽ የሚመስል ሕግ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከብዙ መፈክር የበለጠ ሰው ያድናል። ሰበቡ ሲነሳ ማስቆሙ ይቀራል፤ ማስቆሙ ሲቀር ያቺ ሰከንድ አትመጣም።

በሚዙሪ ግዛት ያለችውን የፈርጉሰን ከተማን ነገርም እዚህ ላይ ላንሳ። በኦገስት 2014 ማይክል ብራውን የሚባል ጥቁር ወጣት እዚያ በፖሊስ ጥይት ከተገደለ በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴሩ በማርች 2015 በአንድ ቀን ሁለት ሪፖርት አወጣ። የመጀመሪያው፣ በተኮሰው ፖሊስ ላይ ክስ ለመመሥረት የሚበቃ ማስረጃ የለም አለ። ሁለተኛው፣ ከተማዋ ፖሊሷንና ፍርድ ቤቷን ገንዘብ መሰብሰቢያ አድርጋለች አለ። ከነዋሪው ጥቁሩ 67 በመቶ ነው፤ መኪናቸው ከሚቆም 85 በመቶ፣ የቅጣት ወረቀት፣ ማለትም ቲኬት፣ ከሚሰጣቸው 90 በመቶ፣ ከሚታሰሩት 93 በመቶ ጥቁር ነበር። አንዱ ወገን የመጀመሪያውን ሪፖርት ይዞ ሄደ፤ ሌላው ሁለተኛውን። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ስንት ሰው ነው? ሁለቱም እውነት ነው። ያ ሕዝብ ተቆጥቶ አደባባይ የወጣው ለአንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት ለተቆለለው ቲኬት ጭምር ነው።

እንግዲህ እኛ ስንቆም ምን እናድርግ? አገር ቤት ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመን ምን እናደርጋለን? ከመኪናው ወርደን፣ መንጃ ፈቃዱን በእጃችን ይዘን፣ ራሳችንን ዝቅ አድርገን ወደ እሱ እንሄዳለን። አክብሮታችን ነው። እዚህ አገር ግን ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ፖሊሱ ሾፌር ሲወርድ ያየው እንደ አክብሮት ሳይሆን እንደ ጥቃት ነው። ስለዚህ አትውረዱ። ፍሬቻ አሳይታችሁ ብርሃን ያለበት ቦታ ቁሙ። ሞተር አጥፉ፤ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት አብሩ። መስኮቱን አውርዱ። ሁለት እጃችሁን ከመሪው ላይ አድርጉ፤ ከጎን ያለውም እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ያድርግ። ወረቀቱን ቀድማችሁ አትፈልጉ! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ፖሊሱ ከኋላ ሲመጣ የሚያየው ወደ መሳቢያው የጎነበሰ ትከሻ ነው። ሲጠየቅ «ኢንሹራንሱ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ አሁን ላውጣው?» በሉ፤ እሺ ሲል ቀስ ብላችሁ አውጡ። ውረድ ካለ ውረዱ፤ ሾፌርን የማስወረድ መብት ከ1977፣ ተሳፋሪን ከ1997 ጀምሮ አለው። መኪናውን ልፈትሽ ብሎ ፈቃድ ከጠየቀ ግን «አልፈቅድም» ማለት መብታችሁ ነው፤ እምቢ ማለት እንደምትችሉ የመንገር ግዴታ የለበትም። ካልፈቀዳችሁለትም ከፈተሸ በእጃችሁ አትከልክሉት። ክርክሩ ለፍርድ ቤት ይቆየው።

ስለ ቁጥሩ አጠር አድርጌ ልናገር። በ2014 የፈርጉሰን ቁጣ ሲነሳ የፌዴራሉ መንግሥት ፖሊስ በዓመት ስንት ሰው እንደሚገድል የተሟላ ቁጥር አልነበረውም። አገሪቱ ውስጥ ወደ 18,000 የሚጠጉ የፖሊስና የሸሪፍ (የአውራጃ ፖሊስ) መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አልነበረባቸውም። የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ.ቢ.አይ.፣ በ2019 መሰብሰብ ሲጀምርም በፈቃደኝነት ነው። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ከ2015 እስከ 2024 ሲቆጥር በየዓመቱ 1,000 ገደማ ሰው በፖሊስ ጥይት ይሞት ነበር። ከሟቾቹ በቁጥር የሚበዙት ነጮች ናቸው። ጥቁሮች ግን ከሕዝቡ 14 በመቶ ገደማ ሆነው ሳለ የሚገደሉት ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ በሆነ መጠን ነው። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሚነግራችሁን ሰው ሌላውን ጠይቁት።

በ2016 የሃርቫርዱ ኢኮኖሚስት ሮላንድ ፍራየር፣ እሱ ራሱ ጥቁር ነው፣ ፖሊስ መግፋትና በካቴና ማሰርን በመሰለው ኃይል ጥቁሮች ላይ እንደሚበረታ፣ በተኩስ ላይ ግን ልዩነት እንዳላገኘ ጻፈ። ብዙዎች ይህን ይዘው «አያችሁ!» አሉ። መልሱ እዚያው መንገዱ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል፤ ቁጥሩ የእኔ ነው፣ ለማስረዳት ብቻ። 100 ነጮች በከባድ ጉዳይ ቆመው 1 ተተኮሰበት። 200 ጥቁሮች ቆመው 2 ተተኮሰባቸው። ልዩነት የለም፣ ሁለቱም 1 በመቶ ነው። ነገር ግን ከ200ዎቹ 100ዎቹ የቆሙት በተንጠለጠለ ሽታ መቀየሪያ ቢሆንስ? ከባድ ጉዳይ የነበራቸው 100 ናቸው፤ ከእነሱ 2 ተተኮሰባቸው፤ እጥፍ ሆነ። በከንቱ የሚቆመው ሰው በበዛ ቁጥር ልዩነቱ ይደበቃል።

የፖሊሱንም ፍርሃት መናቅ አይገባም። በጁላይ 2016 ዳላስ ውስጥ የፖሊስን ግድያ የሚቃወም ሰልፍ ይጠብቁ የነበሩ አምስት ፖሊሶች በአንድ ምሽት ተገድለዋል። በ2021 በአገሪቱ 73 ፖሊሶች ሆን ተብሎ ተገድለዋል። ከሕዝቡ ቁጥር በላይ ጠመንጃና ሽጉጥ ባለበት አገር ሌሊት መኪና ላይ የሚሄድ ሰው ይፈራል። ጥያቄው ለዚያ ፍርሃት ምን ዓይነት ሥልጠና፣ ምን ያህል ርቀትና ምን ያህል ጊዜ ሰጠነው የሚለው ነው።

አሁን ወደ ስልኩ። አንዳንድ ወላጆች «ይህ የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ይላሉ። እናንተ ልጆች፣ ይህን ስትሰሙ ፈገግ እንደምትሉ አያለሁ። ሌሊት ከኋላ የሚመጣ ፖሊስ ከየት እንደመጣን አያውቅም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንን ጠይቁ፤ በ2015 ሆሎን ከተማ ደማስ ፈቃደ የወታደር ልብሱን እንደለበሰ ነው በፖሊስ የተደበደበው፤ በ2019 ወጣቱ ሰለሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ሲሞት መንገዶች ሁሉ በሰልፍ ተዘግተዋል።

በኖቬምበር 2014 ክሊቭላንድ ውስጥ አንድ ሰው ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ፣ ወደ 911፣ ደውሎ መናፈሻ ውስጥ ሽጉጥ የያዘ ሰው አለ አለ። ምናልባት ልጅ ነው፣ ሽጉጡም ምናልባት የውሸት ነው ብሎ ጨምሯል። ስልክ የተቀበለችው ሠራተኛ ይህን አልጻፈችውም፤ ለፖሊሶቹ የተላከው «ሽጉጥ የያዘ ሰው» የሚለው ብቻ ሆነ። ፖሊሶቹ በሣሩ ላይ ነድተው አጠገቡ ድረስ ሄዱ። መኪናው በቆመ በሁለት ሰከንድ ውስጥ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ ተመታ። ሽጉጡ መጫወቻ ነበር። በዚያ ሁለት ሰከንድ ላይ አገር ተጨቃጨቀ። ስልኩ ላይ የቀረችው ቃል ብትደርስስ? መኪናው 30 ሜትር ርቆ ቢቆምስ? ተኳሹ በፊት በሠራበት ከተማ ለሥራው እንደማይበቃ ተጽፎበት ነበር፤ የቀጠረው መሥሪያ ቤት ያንን ፋይል አላየም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2024፣ ኢሊኖይ ውስጥ ሶንያ ማሲ የምትባል እናት ቤቴ አካባቢ ሰው አለ ብላ ራሷ 911 ደወለች። ሁለት የሸሪፍ ፖሊሶች መጡ። ምድጃው ላይ ውሃ ተጥዷል፤ አንሺው አሏት፤ አነሳችው። ያን ጊዜ «በኢየሱስ ስም እገስጽሃለሁ» አለች። ይህ ቃል ለእኛ አዲስ ነው? እናቶቻችን በቀን ስንት ጊዜ ይሉታል! አንደኛው ፖሊስ ፊቷን ተኩሶ መታት። እሱም በአራት ዓመት ውስጥ በስድስት የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች የሠራ ነበር። በኦክቶበር 2025 ጁሪ ጥፋተኛ ነህ አለው፤ ኢሊኖይም ከመቅጠር በፊት ያለፈው የሥራ ፋይል በሙሉ እንዲታይ የሚያስገድድ ሕግ በስሟ አወጣች።

በየቤታችን የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጅ አለ፤ እንደብቀዋለን። ጸበል እንወስደዋለን፣ ይሻለዋል ብለን እንጠብቃለን፤ አንድ ሌሊት ግን ሲብስ ደንግጠን 911 እንደውላለን። ስንደውል በተሰበረ እንግሊዝኛ «ሊገድለን ነው!» እንላለን፤ ፖሊሱም የሚመጣው ገዳይ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ከወዲሁ ተዘጋጁ። የአእምሮ ቀውስ ብቻ ከሆነና ማንም አደጋ ላይ ካልሆነ 988 ደውሉ፤ ከ2022 ጀምሮ በመላው አገሪቱ ይሠራል። 911 መደወል ግድ ከሆነ መጀመሪያ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉና ስልኩን ሳትዘጉ ጠብቁ። ቀጥሎ ሕመሙን፣ ስሙንና ዕድሜውን ተናገሩ። መሣሪያ ከሌለው «ሂ ሃዝ ኖ ዌፐን» በሉ። ቢላዋ ከያዘ እውነቱን ተናገሩ፤ በየትኛው ክፍል እንዳለ፣ ከእሱ ጋር ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩንም ንገሯቸው። «ሲ.አይ.ቲ. ኦፊሰር» እንዲላክ ጠይቁ፤ ይህ የአእምሮ ቀውስ የገጠመውን ሰው እንዴት መያዝ እንደሚገባ የሚያስተምር፣ በ1988 ሜምፊስ የተጀመረ ሥልጠና ነው፣ 40 ሰዓት የተማረ ፖሊስ ነው የሚላከው። «እርግጠኛ ነዎት ጽፈውታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የታሚር ራይስን ነገር አስታውሱ። ፖሊስ ሲደርስ እጃችሁን ባዶ አድርጋችሁ ውጭ ጠብቁት እንጂ እየጮኻችሁ ወደ እሱ አትሩጡ።

እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች በፊደላችን ጽፈን በትንሽ ካርድ አሳትመናቸዋል፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አሉ። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፏቸው። እናቶች፣ ልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው ያስነብቧችሁ፤ የደነገጠ ሰው የሚናገረው አፉ የለመደውን ብቻ ነው። ማይክሮፎኑ መሀል ላይ ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ ተሰለፉ፤ መጀመሪያ ለወጣቶቹ ዕድል እንስጥ።